የእጮኛዬ በርገር ቤት ያስፈራኛል

ጥያቄ፦ እንዴት ናችሁ ዝግጅት ክፍሎች። እጮኛዬ የባህር ዳር ልጅ ነው እኔ አዲስ አበባ ነው ተወልጄ ያደኩት፣ ለፋሲካ ቤተሰቦቹ ጋ ልንሄድ ነው። እና ከተማሪነቱ ጀምሮ የሚበላባት መንገድ ዳር ያለች በርገር ቤት አለች፣ ስለሷ አውርቶ አይጠግብም፣ ከአሁኑ "ከመኪና እንደወረድን እዛ ነው የምወስድሽ" እያለኝ ነው። የኔ ሆድ ደግሞ ትንሽ ነገር አይችልም፣ የተፈጨ ስጋ ውጪ መብላት በጣም እፈራለሁ። እምቢ ብል ይከፋዋል፣ እሺ ብል በዓሉን ሽንት ቤት ስመላለስ ላሳልፈው ነው። እሱ ግን "ጥሬ ስጋ እየበላሽ በርገር ትፈሪያለሽ?" እያለ ይስቅብኛል። ምን ላድርግ?
ሆዷ ያስቸገራት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህት ዓለም፣ መጀመሪያ እሱ የሳቀበትን ነገር እንጨርሰው፣ ፍርሃትሽ ልክ ነው። ሙዳ ስጋ ላይ ባክቴሪያው በብዛት የሚቀመጠው ላዩ ላይ ነው፣ ሲፈጭ ግን ላይ የነበረው ሁሉ መሃል ይገባል፣ ስለዚህ ሙቀቱ መሃሉ ድረስ ካልዘለቀ ውጪው ቢጠቁርም ዋጋ የለውም። የምግብ ደህንነት ባለሙያዎች የተፈጨ የበሬ ስጋ መሃሉ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይድረስ የሚሉት ለዚህ ነው። ጥሬ ስጋውም ቢሆን ኮሶ አለበት እኮ፣ ይቺን ደግሞ አንቺ ሳቂበት።

በርገር በተወለደበት አገርም ሰው እንዳንቺ ይፈራ ነበር። ዋልተር አንደርሰን የሚባል አብሳይ እ.ኤ.አ. በ1916 አሜሪካ ዊቺታ ከተማ ትንሽ በርገር መሸጫ ከፈተ፣ በ1921 ደግሞ ከሸሪኩ ጋር ሆኖ ዋይት ካስል የሚባለውን ጀመሩ፣ ያኔ የተፈጨ ስጋ የሚያምን ሰው ስላልነበረ ቤቱን ነጭ በነጭ አድርገው ደንበኛው ፊት ለፊት እያየ ነበር የሚሰሩለት፣ አንዷን በ5 ሳንቲም። መንገድ ዳር ያለች በርገር ቤት ከትልቅ ሆቴል የምትሻለው በዚህ ነው እላለሁ፣ የሆቴሉን ኪችን አታይውም፣ እዚህ ግን ልጁ አጠገብ ቆመሽ ሁሉንም ታያለሽ። ስለዚህ ወንበር ፈልገሽ አትቀመጪ፣ ቁሚና እዪ። ስጋውን ከፍሪጅ እያወጣ ነው ወይስ ሳህን ላይ ተከምሮ ከጠዋት ጀምሮ ዝንብ ሲዞረው ነው የዋለው? ብር የሚቀበለው እጅና ስጋ የሚያድቦለቡለው እጅ አንድ ነው? ብረቱ ላይ ሲጥለው ቺስ ብሎ ካልጮኸ ብረቱ አልጋለም ማለት ነው፣ እና ሳስ አድርጎ ተጭኖት አገላብጦ ካበሰለው ደህና ነው፣ ወፍራም ሆኖ ቶሎ ከወጣ ግን "ወንድሜ ትንሽ ይቆይልኝ፣ በደንብ ይብሰል" በይው፣ ምንም ሼም የለውም፣ ባህር ዳር ሰው እንዲህ ሲባል አይከፋውም።

ቤቷ ለዓመታት መቆየቷ ራሱ ጥሩ ምልክት ነው፣ ግን ስሟን አይተሽ ሳይሆን ወረፋዋን አይተሽ እመኚ። ሰው የሚበዛበት ቤት ስጋው አያድርም፣ ጭር ባለበት ሰዓት ከሄዳችሁ ግን ያው የታወቀችው ቤት የቆየ ልታበላችሁ ትችላለች። ማታ፣ ሰው ጣና ዳር ነፋስ ሲቀበል አምሽቶ ሲመለስ ያለው ሰዓት ምርጥ ነው (ቢንቢ ስላለ ረጅም እጅጌ ያዢ፣ ወባ አለ)።

እኔ ግን ከስጋው በላይ የምጠረጥረው ሰላጣውንና ማዮኔዙን ነው። ስጋው እሳት አይቶ ነው የሚመጣው፣ ሰላጣው ግን በምን ውሃ እንደታጠበ ማን ያውቃል፣ አሜባና ጃርዲያ የሚገቡት በሱ ነው፣ ማዮኔዙ ደግሞ እዛው በጥሬ እንቁላል ከተመታ በፋሲካ ሰሞን የባህር ዳር ሙቀት ቀኑን ሙሉ ውጪ መዋሉን አይችለውም። ያለ ሰላጣ ያለ ማዮኔዝ እዘዢ፣ ካቻፕና ሚጥሚጣ ይበቃሻል። ስፔሻል የሚሉትን እንቁላል ምናምን የተደራረበበትን ለሱ ተዪለት። ለመጠጥ የታሸገ አምቦ ውሃ፣ በቃ።

አሁን ዋናው ቀኑ ነው። 55 ቀን ከጾምሽ በኋላ ሆድሽ ቅባት ረስቷል፣ የበርገሩ ንጽህና መቶ በመቶ ቢሆን እንኳን ፍስክ በጀመርሽ በማግስቱ ብትበዪው ይጮህብሻል፣ ከዛ በርገር ቤቷን ትረግሚያለሽ። ደግሞም ከመኪና ወርዳችሁ ቀጥታ እዛ ከሄዳችሁ እናቱ ዶሮ ወጥ ሰርታ እየጠበቀች ጠግባችሁ ልትገቡ ነው እንዴ? አማትሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታገኚ ጉርሻ እምቢ ከማለት በርገር ቤቷን ሦስትና አራት ቀን ማቆየት ይሻላል፣ ለሱም በዚህ ምክንያት ብትነግሪው አይከፋውም፣ እናቱ ናት። ቀን አለፈን ብላችሁ አትጨነቁ፣ ከፋሲካ በኋላ ያለው በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕና አርብም አይጾምም፣ ሳምንቱን ሙሉ ስጋ ይሸጣል።

እሱ ሁለት ቢያዝም አንቺ የሱን ግማሽ ተካፍለሽ ጀምሪ፣ እስከ ነገ ሆድሽ ዝም ካለ ሙሉውን ሌላ ቀን ትበያለሽ። ብቻ ዘጌ ገዳማቱን ለማየት በጀልባ ከምትሄዱበት ቀን በፊት ባለው ማታ አትሞክሪው፣ መንገዱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው ጀልባዎቹ ላይ ደግሞ ሽንት ቤት የለም።