«ሂጂ፣ ብቻዬን ይሻለኛል» ያለኝ ልጄ

ሰላም እህቴ፣ ሁሌ አነብሻለሁ፣ ለራሴ እፅፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ትዕግስቴ አልቆ ነው። ልጄ 16 ዓመቱ ነው፣ የዛሬ ሶስት ዓመት ስልኩ ላይ ቼዝ አወረደና በቃ፣ ከዛ ወዲህ ልጅ የለኝም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ስነቃ የስልኩ መብራት ፊቱ ላይ ነው፣ እራቱ ሳይነካ ደርቆ ያድራል፣ ትምህርት ቤት ሁለቴ ተጠርቻለሁ፣ ዘመድ ሲመጣ ሰላም እንኳን አይልም። ግድግዳው ላይ የአሜሪካዊውን ቼዝ ተጫዋች የቦቢ ፊሸርን ፎቶ ለጥፎ «እሱም በ16 ዓመቱ ነው ትምህርት ያቆመው» ይለኛል! ከአባቱ ጋር ከተለያየን ቆየን፣ እኔ ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምገባው። አንድ ሰሞን ሰሌዳውን ይዞ ኩሽና ድረስ እየመጣ ፈረሱ እንዴት እንደሚዘል ላሳይሽ ይለኝ ነበር፣ ወጥ ጥጄ ቼዝ ነው የቀረኝ እያልኩ ስመልሰው ተወው። አሁን ነጩንም ጥቁሩንም እራሱ ሆኖ ይጫወታል። ጎረቤቴ ደግሞ ያ ፊሸር የሚሉት ሰውዬ ቼዝ አሳብዶት ነው የሞተው ካለችኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ስልኩን ልስበረው? ሌላው ነገር፣ እህቴ ዱባይ የሁለት ዓመት ስራ አግኝታልኛለች፣ ኪራይ እየላክሁ እሱ እዚሁ ይቀመጣል፣ ጎረቤቴም ታየዋለች። ስነግረው «ሂጂ፣ ብቻዬን ይሻለኛል» አለኝ። ብሄድ ምን ይመስልሻል?

የደከማት እናት

እህቴ፣ ስልኩን ተይው። «ሌላው ነገር» ብለሽ ጫፍ ላይ ጣል ያደረግሻት ናት ዋናዋ።

ቦቢ ከተነሳ አይቀር ልጅሽ ያልለጠፋትን እናቱን ልንገርሽ። ሬጂና ትባላለች፣ ሁለት ልጅ ብቻዋን ያሳደገች፣ እንዳንቺው ስትሯሯጥ የምትውል። ቦቢ 6 ዓመቱ ላይ እህቱ ጆአን ከከረሜላ ሱቅ ቼዝ ገዛችለት፣ እሷ ሲሰለቻት ሁለቱንም ወገን እራሱ ሆኖ ይጫወት ጀመር (ታውቂዋለሽ ይሄን)። እናትየው ጨንቋት በፈረንጆቹ 1950 ከልጇ ጋር ቼዝ የሚጫወት ልጅ ይገኝ እንደሆነ ብላ ለጋዜጣ ማስታወቂያ ፃፈች። እዚህ ጋር እወዳታለሁ። በ14 የአሜሪካ ሻምፒዮን፣ በ15 ግራንድማስተር (የቼዝ ትልቁ ማዕረግ ነው) ሆነ፣ 17 ገደማ ሲሞላው ግን አፓርታማውን ለሱ ትታ ወጣች፣ እሱም በ1962 ለጋዜጠኛ አላስቀምጥ ስላለችኝ ገለል ማድረግ ነበረብኝ እንደማለት ብሎ ተናገረ። «ሂጂ» ማለት ይሄ ነው።

በ1972 አይስላንድ፣ ሬይክያቪክ ላይ የሶቪየቱን ሻምፒዮን ስፓስኪን አሸንፎ የአለም ሻምፒዮን ሆነ፣ በ1975 አልጫወትም ብሎ ዘውዱን አስረከበ፣ ከዛ ሃያ ዓመት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ጠፋ። በ1992 ማዕቀብ ጥሶ ዩጎዝላቪያ ስለተጫወተ አሜሪካ የእስር ማዘዣ አወጣችበት፣ እናቱ በ1997፣ ያቺ ቼዝ የገዛችለት ጆአን ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ሲሞቱ አገሩ ገብቶ ሊቀብራቸው አልቻለም። እናቱ አይሁዳዊት ሆና እሱ ሬዲዮ ላይ አይሁድን ሲራገም ነበር፣ በ2001 አሜሪካ ላይ የደረሰውን የሴፕቴምበር 11 ጥቃት ሰምቶ ደስ አለኝ ያለም እሱ ነው፣ ለዚህ አላዝንለትም። ለጎረቤትሽ ንገሪያት፣ የሞተው በኩላሊት ነው፣ በ2008፣ በ64 ዓመቱ፣ ህክምና እምቢ ብሎ።

ቼዝ አሳበደው የሚለውን አልቀበልም፣ ስፓስኪም እኮ ያንኑ ቼዝ ነው የተጫወተው። ቦቢ በ2004 ጃፓን ሲታሰር ይሄው ስፓስኪ ለፕሬዚዳንት ቡሽ ፃፈ፣ እኔንም እሰሩኝ፣ ከሱ ጋር አንድ ክፍል አስገቡንና ቼዝ ስጡን ብሎ። ያን ሳነብ አልቅሻለሁ፣ ፊት ለፊቱ የሚቀመጥለት ሰው እስር ቤት ድረስ እየመጣ ነው!

የልጅሽ ሰው ኩሽና ውስጥ ነበረች፣ መለሰችው። ልቆጣሽ ነው አዎ፣ «ብቻዬን ይሻለኛል» ያለሽ እኮ ያው ሰሌዳ ይዞ የመጣው ልጅ ነው፣ የለመደውን ነው የነገረሽ። ኪራዩ እንዳነቀሽ ይገባኛል፣ እህትሽ መርዳት ከፈለገች እዚሁ ትርዳሽ። ጎረቤት ልጅ ወድቆ እንደሆነ ታያለች፣ ከዛ በላይ አትጠብቂባት። ዱባይን እርሺው።

ዛሬ ማታ ስትገቢ ፈረሱ እንዴት ነበር የሚዘለው በይው። መጀመሪያ ያኮርፋል፣ ጠብቂው። ወጡ ካረረ ይረር።