ሳሩን ከመግዛትህ በፊት ጥላውን ሥራ

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ሦስት ጥያቄዎች ሁሉም ከወሎ የመጡ ናቸው። ሁሉም ስለ አንድ ነገር ነው የሚጠይቁት፦ ደጅ ላይ ለሚሠራ ጂም ስለሚነጠፍ ሰው ሰራሽ ሳር። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ ጽፌያለሁ፣ ብዙ ገንዘብ ሊወጣበት ስለሆነ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ 200 ካሬ የሚሆን ግቢ ተከራይቼ ከጓደኞቼ ጋር ደጅ ላይ ጂም ልንከፍት ነው። ቤንች፣ መንጠልጠያ ብረት፣ ደምቤልና ስሌድ (ክብደት ተጭኖበት መሬት ላይ የሚገፋ) አለን። ግቢው ሙሉ ቀን ፀሐይ ነው፣ አንድም ዛፍ የለውም። ሻጩ ሁለት ዓይነት ሳር አሳይቶናል። አንዱ ረጅምና ለስላሳ ነው፣ 40 ሚሊ ሜትር፣ ሲያዩት ያምራል። ሌላው አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ 15 ሚሊ ሜትር። እንደ ኳስ ሜዳ ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ እንድንበትንበትም መክሮናል። ግቢውን በሙሉ ልናለብሰው አስበናል። የቱ ይሻለናል? (ስሜ ይቆይ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁለቱ አጭሩን ግዛ። ግን ግቢውን በሙሉ አታልብሰው፣ የጎማውን ፍርፋሪም ተወው። ከሁሉ በፊት ደግሞ ለሳር ከያዝከው ብር ላይ ቀንሰህ ጥላ ሥራበት። ለምን እንደምልህ ላስረዳህ።

የበቀለ ሳር ከሥሩ ውሃ እየሳበ በቅጠሉ ያተናል፣ ስለዚህ ፀሐይ ቢመታውም ይቀዘቅዛል። ፕላስቲክ ይህን አያደርግም፣ የመታውን ፀሐይ ውጦ ይግላል። አየሩ 28 ዲግሪ በሆነበት ቀን ጥላ የሌለው ሰው ሰራሽ ሳር 60 ዲግሪን ሊያልፍ ይችላል። 50 ዲግሪ የደረሰ ነገር ላይ ደቂቃዎች የቆየ ቆዳ ደግሞ ይጎዳል። ጂም ውስጥ ሰው የሚያደርገውን አስበው፤ በመዳፉ ፑሽ አፕ ይሠራል፣ በክርኑ ፕላንክ ይይዛል፣ በጀርባው ተኝቶ ሆዱን ይሠራል። ኳስ ተጫዋች ጫማ አድርጎ ይሮጥበታል፣ የእናንተ ደንበኛ ግን በባዶ ቆዳው ይተኛበታል። ለኳስ ሜዳ የሚሰጥ ምክር ለጂም የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

«ውሃ እናርከፈክፍበታለን» ብላችሁ ይሆናል። አሜሪካ ዩታ ያለው የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ በ2002 እ.ኤ.አ. የራሱን ሰው ሰራሽ ሜዳ አስለክቶ ነበር። 79 ዲግሪ የደረሰ ሳር ውሃ ሲጠጣ ወደ 29 ወረደ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ግን 49 ደረሰ፣ በ20 ደቂቃ ውስጥ ደግሞ 73። እንግዲህ አንድ ሰው ሰውነቱን አሟሙቆ ሳይጨርስ ሳሩ መልሶ ጋለ ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ግቢ ይህ መፍትሔ አይሆንም።

ጥላ ግን ነገሩን ከሥሩ ይቀይረዋል። ሳሩን የሚያግለው አየሩ ሳይሆን በቀጥታ የሚመታው ፀሐይ ነው፣ ፀሐዩን ከከለከልከው ሙቀቱ ወደ አየሩ ይጠጋል። ኮምቦልቻ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናታችን ብዙ አትርቅም። ስለዚህ አጥር ወይም ግድግዳ በቀትር ጥላ አይሰጥህም፣ ከላይ የሚዘረጋ ነገር ያስፈልግሃል። በታኅሣሥ ደግሞ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ታጋድላለች። 3 ሜትር ከፍታ ያለው ጣሪያ በዚያን ጊዜ ቀትር ላይ ጥላውን 2 ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ይገፋዋል። ይህን አስበህ ጣሪያውን ከሳሩ አልፎ ወደ ደቡብ ካስረዘምከው በጋውን በሙሉ ጥላ ውስጥ ትሠራላችሁ። ብዙ ሰው ጣሪያውን ልክ ከሳሩ በላይ ያቆመዋል፣ ከዚያ በበጋ ግማሹ ሳር ፀሐይ ላይ ሲቀር ግራ ይገባዋል። ከቆርቆሮ ይልቅ የጥላ መረብ እመርጣለሁ፤ ነፋስ ያሳልፋል፣ ቆርቆሮ ግን ራሱ ግሎ ሙቀቱን ወደ ታች ይለቃል። ቋሚው የባህር ዛፍ ቢሆንም ይሆናል፣ እግሩን በኮንክሪት አጥብቀው።

አሁን ወደ ሳሩ። ረጅሙ ለጓሮ ማስዋቢያ የተሠራ ነው። ቤንች ሲቀመጥበት ይተኛል፣ አይነሣምም፤ ስሌድ ስትገፋበት ደግሞ ጭረቱ (የሳሩ ክር) በአንድ አቅጣጫ ተጋድሞ ይላላጣል። አጭሩ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ፍርፋሪም አሸዋም ሳይሞላበት ራሱን ችሎ ይቆማል፣ ስሌድም ይንሸራተትበታል። የጎማው ፍርፋሪ ከመኪና ጎማ የተፈጨ ነው። ጥቁር ስለሆነ ሙቀቱን ያብሰዋል፣ ላብ በነካው ጀርባ ላይ ይለጠፋል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ጎርፉ ይዞት ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ቦርከና ወንዝ ይወርዳል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ እንዲህ ያለው ፍርፋሪ ከጥቅምት 2031 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያ እንዳይሸጥ ወስኗል። ምክንያቱም ይኸው ነው፣ ጥቃቅን ፕላስቲክ ሆኖ አፈርና ወንዝ ውስጥ ይገባል። እነሱ ሊተዉት ቀን የቆረጡለትን ነገር እኛ አሁን በአዲስ ግቢ የምንጀምርበት ምክንያት አይታየኝም።

ጭረቱ ከምን እንደተሠራ ጠይቅ። ፖሊፕሮፒሊን ርካሽ ነው፣ ግን ደረቅ ነው፣ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይሰባበራል። ናይለን ጠንካራ ነው፣ ዋጋው ውድ ነው፣ ቆዳንም ይቦጭራል። ለእናንተ ፖሊኤትሊን ይሻላል፤ ለቆዳ ይለሰልሳል፣ የፀሐይ መከላከያ ከተጨመረበት ደግሞ ዓመታት ይቆያል። መከላከያው አለው ወይ የሚለውን በቃል ብቻ አትቀበል። ዋስትናው በጽሑፍ ይሁን፣ መድከምንና መሰባበርን ይሸፍን እንደሆነ አንብብ፣ ለስፖርት ቦታ ይሠራ እንደሆነም እይ፤ ለጓሮ ብቻ የሚሠራ ዋስትና ብዙ ነው። «ቀለሙ ፈዘዝ ካለ አይግልም» የሚል ሻጭ ካጋጠመህ ደግሞ፣ ፈዛዛ ቀለም ትንሽ ይረዳል፣ ጥላን ግን አይተካም።

ከመክፈልህ በፊት ቁራጭ ናሙና ተቀበለው። ጥርት ባለ ቀን ከ5 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ኮንክሪት ላይ አንጥፈህ ተወው። ከዚያ የእጅህን ጀርባ አስቀምጥበት። አስቀምጠህ መቆየት ካቃተህ ደንበኛህም አይተኛበትም። ቀጥሎ ገልብጠው፣ ውሃ አፍስስበትና በቀዳዳዎቹ ቶሎ ይወርድ እንደሆነ እይ። ጭረቱን በጣትህ ይዘህ ጠበቅ አድርገህ ሳበው፣ ከተነቀለ አትግዛው። ሻጩ ናሙና አልሰጥም ካለ ሌላ ሻጭ ፈልግ።

ስለ መጠኑ እንዲህ ነው የምለው። ጥቅልሉ ብዙ ጊዜ 2 ወይም 4 ሜትር ስፋት አለው። 4 ሜትር በ12 ሜትር የሆነ አንድ መስመር በጥላ ሥር ይበቃችኋል፤ ስሌዱ፣ መሟሟቂያውና መሬት ላይ የሚሠራው ሁሉ እዚያ ይሁን። በጥቅልሉ ስፋት ልክ ከሠራኸው መገጣጠሚያ የለውም፣ ሳር ደግሞ ቀድሞ የሚነሣው በመገጣጠሚያው በኩል ነው። ብረት የሚወድቅበት ቦታ ላይ ሳር አታንጥፍ፣ ወፍራም የጎማ ንጣፍ አድርግበት፣ እሱም ጥላ ውስጥ ይሁን። የቀረውን ግቢ ሰርዶ ትከልበት። ሰርዶን የማያውቅ ወሎዬ የለም፤ ቢረገጥ ይነሣል፣ ቢደርቅ ዝናብ ሲያገኝ መልሶ ይለመልማል፣ ቀትር ላይም በባዶ እግር ይረገጣል። በየቀኑ በአንድ ቦታ የሚቆምበት ከሆነ ይመለጣል፣ እሱን ቦታውን እያቀያየራችሁ ታልፉታላችሁ።

ሥሩን ሳትሠራ ሳር እንዳታነጥፍ። ግቢህ ዋልካ አፈር ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ሳሩም አብሮት ይሸበሸባል። ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍረህ አውጣው፣ ጂኦቴክስታይል የሚባለውን ጨርቅ አንጥፍ፣ ላዩ ላይ ገረጋንቲ ሙላና በደንብ አስጠቅጥቀው፣ ከላይ በደቃቅ ጠጠር አስተካክል። በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ቦዩ ያዘንብል፣ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ቀልድ አያውቅም። ሳሩን ከመቁረጥህ በፊት ዘርግተህ ጥቂት ሰዓት ፀሐይ ላይ ተወው፣ ፕላስቲኩ ተፍታቶ ቅርጹን ይይዛል። ከጥቅልሉ እንዳወጣህ ብትቆርጠው በኋላ ይጨማደድብሃል።

ብሩ አሁን ለሁለቱም ካልበቃህ አብሽር፣ በጥላውና በሰርዶው ጀምር። ሳሩ ለሚቀጥለው ዓመት ቢቆይ ጂሙ ይሠራል።

ጥያቄ፦ እኔ ደሴ ነው የምኖረው። ቤታችን ኮንክሪት ጣሪያ አለው፣ እዚያ ላይ ለሰፈሩ ሴቶች የጠዋት ስፖርት ማሠራት እፈልጋለሁ። ደሴ ብርድ ስለሆነ የሙቀቱ ነገር አያሳስበኝም፣ የሚያስፈራኝ ዝናቡ ነው። ሳሩን በማስቲሽ ልለጥፈው? (እህታችሁ ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ በሙሉ አትለጥፊው። ጣሪያ ላይ ውሃ ከሥሩ ከታሰረ ሳሩ ይሸታል፣ ይሻግታል፣ ቤቱም ማንጠብጠብ ይጀምራል። መጀመሪያ ባልዲ ውሃ ጣሪያው ላይ ደፍተሽ ወዴት እንደሚሄድ እይ። የሚያቁር ቦታ ካለ እሱን አስተካክይ። ከዚያ ውሃ የሚያሳልፍ ንጣፍ ከሥር አድርጊና ሳሩን በላዩ ዘርጊው፣ ዳር ዳሩን ብቻ ያዥው፣ ሚስማር እንዳትመቺ። የጦሳ ተራራ ነፋስ እንዳያነሣው ዳሩ ላይ የሚከብድ ነገር ይኑር። ክረምት ላይ አልፎ አልፎ ገልጠሽ አናፍሺው።

የፀሐይዋን ነገር ግን አትናቂው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ፕላስቲክን የሚያደርቀው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብርዱ ሰውን ያታልላል እንጂ የደሴ ፀሐይ ሳር ላይ ከኮምቦልቻ ትበረታለች። ስለዚህ የጽሑፍ ዋስትናውን አንቺም ጠይቂ። የምትሠሩት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ከሆነ አያቃጥላችሁም፣ ይልቅ ጤዛ ይኖራል፤ እርጥብ ፕላስቲክ ያንሸራትታል፣ ዝላይ ከመጀመራችሁ በፊት ጠረግ ይደረግ። ትልልቅ እናቶች የሚመጡ ከሆነ ከሳሩ ሥር 10 ሚሊ ሜትር የሚሆን የላስቲክ ስፖንጅ ጨምሪበት፣ ኮንክሪቱ ጉልበታቸውን እንዳይጎዳው።

ጥያቄ፦ ሳሩን ካነጠፍን ጥቂት ወራት ሆነው። ግድግዳው አጠገብ የቀለጠ የሚመስል መስመር ታየ፣ በየሳምንቱም ይሰፋል። ሰው እሳት አልጣለበትም። ምን ሊሆን ይችላል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ግድግዳው ላይ መስታወት ሰቅላችኋል? ወይስ ፊት ለፊታችሁ የሚያንጸባርቅ መስኮት ያለው ፎቅ አለ? የፀሐይ ብርሃን ከመስታወት ተመልሶ በአንድ ቦታ ላይ ሲያተኩር፣ ከቀጥታው ፀሐይ ጋር ተደምሮ ጭረቱን ያቀልጠዋል። ፖሊኤትሊን የሚቀልጠው ከ110 እስከ 130 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ከዚያ በታችም ይጨማደዳል። ፀሐይዋ ከቀን ወደ ቀን መንገዷን ስለምታዛባ ነው መስመሩ የሚሰፋው። መስታወቱ የእናንተ ከሆነ አንሡት ወይም ጥላ ሥር አዙሩት። የጎረቤት መስኮት ከሆነ ባለቤቱን አነጋግሩትና ከውጭ የማያንጸባርቅ ላስቲክ እንዲለጠፍበት ተስማሙ፤ እምቢ ካለ በእናንተ በኩል መረብ ወጥሩ። የቀለጠው ጭረት አይመለስም። ያንን ቁራጭ በምላጭ ቆርጣችሁ አውጡና ከተረፋችሁ ሳር ተኩት፣ ጭረቱ ያዘነበለበት አቅጣጫ ከቀሪው ጋር አንድ ይሁን። መስታወቱ ሳይነሣ ግን አትጠግኑት።