ጎህ ሳይቀድ ወደ የጎፍ ለምትወጡ ልጆች

ሰሞኑን የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ካሜራ ይዛችሁ ወደ የጎፍ ደን መውጣት ጀምራችኋል። በጣም ደስ ብሎኛል። ግን አንዳንዶቻችሁ ስትመለሱ "ድኩላ የሚባል የለም፣ አልቋል" ስትሉ እሰማለሁ። አላለቀም ልጆቼ። ሰምቷችሁ ነው፣ ይልቁንም አሽትቷችሁ፣ ቀድሟችሁ የሄደው።

እኔ 31 ዓመት በደንና በዱር እንስሳት ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። ከዚያ ውስጥ ብዙው ሌሊት ተነስቶ፣ ሳይነጋ ቦታ ይዞ፣ እንስሳ መቁጠር ነበር። ስልካችሁ ላይ የአሜሪካ አዳኞች ጨለማ ለጨለማ ሄደው ዛፍ ላይ በተሰቀለ መቀመጫ ሲጠብቁ ታያላችሁ። እነሱ የሚጠብቁት በየዓመቱ ቀንዱን የሚጥል እንስሳ ነው፤ የእኛ ድኩላ ቀንድ ግን አንዴ ከበቀለ አይወድቅም። በአፍንጫና በጆሮ ግን ያው ናቸው፣ ስለዚህ አካሄዱም ያው ነው። እኛ የምንወጣው ለማየት ነው እንጂ ለመግደል አይደለም። ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው።

ሥራ በጀመርኩ ዓመት ከአንድ ሽማግሌ የደን ጠባቂ ጋር ከኮምቦልቻ በኩል ወጣን። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ነው፣ ጨረቃ የለም። ጉልበት ነበረኝና እኔ ከፊት ሆንኩ፣ በአቋራጩ፣ በማሽላው ማሳ ጥግ ለጥግ ይዤ ወጣሁ። ከመቀመጫችን ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ከጨለማው ውስጥ እንደ ውሻ ያለ ሻካራ ጩኸት አንዴ ተሰማ። ድኩላ ሲደነግጥ እንደዚያ ነው የሚጮኸው። ከዚያ ጭር አለ። ሽማግሌው አልተቆጡኝም። ቁጭ አሉና ከጋቢያቸው ጫፍ አንዲት የጥጥ ክር ነቅለው በሁለት ጣታቸው ያዟት፣ ባትሪዬን በመዳፌ ሸፍኜ ትንሽ እንዳበራ አዘዙኝና ለቀቋት። ክሯ ከእጃቸው ወጥታ ቀስ እያለች ቁልቁል ወደ ማሳው ተንሳፈፈች። "አየህ፣ አንተ ሳትደርስ ሽታህ ደርሷል" አሉኝ። ያን ቀን እስኪነጋ ጠብቀን አንድም አላየንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰማይ ጥርት ባለ ሌሊት ተራራው ሲቀዘቅዝ አየሩም ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ እንደ ውሃ ሸለቆ ሸለቆውን ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ ሽታችሁ የሚሄደው ወደ ታች ነው። ድኩላው ደግሞ በዚያ ሰዓት ታች ነው፤ ሌሊቱን ደኑ ጥግ ላይ ሲግጥ፣ አንዳንዴም ማሳ ገብቶ ሲበላ አድሮ ሊነጋ ሲል ነው ወደ ጫካው የሚመለሰው። ታዲያ ቀጥታ ከበላዩ ብትቀመጡ ሽታችሁን እላዩ ላይ እያፈሰሳችሁበት ነው። በማሳው መሃል ብታልፉ ደግሞ ምግቡ ላይ እያለ ነው የምታባርሩት። መፍትሔው መዞር ነው። እሱ ከሚመላለስበት ሸለቆ አጠገብ ያለውን ሌላ ሸለቆ ይዛችሁ ውጡ፣ ከዚያ በጎን ተሻግራችሁ መንገዱን ከጎን ወደምታዩበት ቦታ ግቡ። የእናንተ አየር በእናንተ ሸለቆ ይወርዳል፣ የእሱ በእሱ። ግማሽ ሰዓት ይጨምርባችኋል። ይጨምር! በዚያ ሸለቆ ወንዝ ካለ ደግሞ ተመስገን በሉ፣ የውሃው ድምፅ ኮቴያችሁን ይሸፍነዋል።

መንገዱን በቀን እዩት። ይሄን ስል በሩቁ አይደለም፣ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ እኩለ ቀን ላይ ሂዱና የደረቀ ጭራሮ ካለ ከመርገጫችሁ አንሱ፣ የሚንከባለል ድንጋይ የቱ ጋ እንዳለ አስታውሱ። ጥድ ሥር መሬቱ ለስላሳ ነው፣ ድምፅ አይሰጥም። የባህር ዛፍ ቅጠል ግን በበጋ ሲረገጥ እንደ ወረቀት ነው የሚንኮሻኮሸው፣ እሱን ሽሹት።

ሰዓት ላይ አትሰስቱ። ሰማዩ መንጣት ከመጀመሩ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ተቀምጣችሁ መገኘት አለባችሁ። እኔ ደሴ እያደርኩ ስሠራ አዛን ሲል ከቤት የወጣሁ ቀን ዘግይቻለሁ ማለት ነበር፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ስደርስ፣ ከዚያ ደግሞ በእግር ሽቅብ ስወጣ ሊነጋብኝ ነው። የዘገየ ሰው ይሮጣል፣ የሮጠ ያልበዋል፣ ያላበው ይሸታል። ስለዚህ ቀድማችሁ ተነሱና ቀስ ብላችሁ ውጡ። ሹራባችሁን ለብሳችሁ ዳገት አትውጡ፤ ቦርሳ ውስጥ ይሁን፣ ስትቀመጡ ትለብሱታላችሁ። ሲጀመር ትንሽ ይበርዳችኋል፣ አብሽሩ፣ ከመቶ ሜትር በኋላ ይተዋችኋል።

ማታ ቡና ተፈልቶ እጣን ሲጨስ የለበሳችሁትን ልብስ ለብሳችሁ አትምጡ። ሽቶም አትቀቡ። ለጫካ የሚሆን ልብስ ለብቻ አጥባችሁ ውጭ አስጡና አስቀምጡት። ላስቲክ ነገር የሆነ ጃኬት ክንዳችሁን ባነሳችሁ ቁጥር ይንሿሿል፣ ጋቢ ግን ድምፅ የለውም፣ ይሞቃልም። ቁልፍና ሳንቲም ከኪስ ይውጣ። ስልክ ይዘጋ። ድምፁ ጠፍቶ የሚነዝር ቢሆንም ይሰማል።

ስለ መብራት ብዙ ልጆች ይሳሳታሉ። ዓይናችን ጨለማ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፣ አንዴ ነጭ ባትሪ ካበራችሁበት እንደገና ከዜሮ ነው። ድኩላና መሰሎቹ ቀይ ቀለም እንደ እኛ አይታያቸውም፤ ስለዚህ ባትሪያችሁን በቀይ ፌስታል ሸፍናችሁ እግራችሁ ሥር ብቻ አብሩ። ጨለማ ውስጥ አንድ ነገር ለማየት ደግሞ ትክ ብላችሁ አትዩት፣ ትንሽ ወደ ጎኑ እዩ። ሞክሩት፣ ይገርማችኋል።

አረማመድ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ ጋ ነው ሁሉም የሚበላሸው። ሰው ሲሄድ ድምፁ እኩል ነው፣ ኮሽ ኮሽ ኮሽ እያለ። የዱር እንስሳ ብዙ ጊዜ እንዲህ አይሄድም። እንስሳ ሁለት ሦስት እርምጃ ይሄድና ይቆማል፣ ያዳምጣል፣ ደግሞ አንድ ይራመዳል። እናንተም እንደዚያ ሂዱ። እግራችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንሱ፣ በውጭኛው ጠርዝ መሬቱን ዳስሱ፣ ጭራሮ ከተሰማችሁ ክብደታችሁን ሳትጥሉ አንሱት። ጭራሮ ሰበራችሁ? ባላችሁበት ቁሙ። አምስት ደቂቃ ቁሙ። ድኩላ አንድ ድምፅ ሰምቶ ይጠራጠራል፣ ሁለተኛውን ሲሰማ ነው የሚሄደው። ወሬ ደግሞ፣ ሹክሹክታም ቢሆን፣ የለም። በእጅ ተነጋገሩ።

ብቻችሁን አትውጡ። የከተማ ውሻ በሌሊት ክፉ ነው፣ ጅብም አለ። ለቤተሰብ ተናገሩ፣ ለደኑ ጠባቂዎች ከቀኑ በፊት አሳውቁ፣ ማሳው አጠገብ ለሚኖሩትም ገበሬዎች። ጨለማ ውስጥ የማያውቁትን ሰው ሲያዩ ሌባ ቢመስላቸው አይፈረድባቸውም።

ከደረሳችሁ በኋላ ዛፍ ተደገፉ፣ ከኋላችሁ ሰማይ እንዳይኖር። ከዚያ መጠበቅ ነው። መጀመሪያ ወፎቹ ይጀምራሉ። ከዚያ ጥላ የመሰላችሁ ነገር ጆሮ ይኖረዋል። ወንዱ ጠቆር ያለ ነው፣ ቀንዱ ጠምዘዝ ብሎ ወደ ላይ የቆመ፤ አንገቱን ዘርግቶ አየሩን ሲያሸት አፍንጫው ላይ ያለው እርጥበት እንኳ ያበራል። ያን ጊዜ ካሜራ ለማንሳት አትቸኩሉ። ራሱን ዝቅ አድርጎ መጋጥ ሲጀምር ነው እጃችሁ የሚንቀሳቀሰው።

ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቀው አየሩ ይዞራል፣ ሽቅብ መውጣት ይጀምራል፣ ብዙ ጊዜ 2 ሰዓት ገደማ። ያኔ ሽታችሁ እሱ ወደሚተኛበት ጫካ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ከዚያ በፊት፣ እሱ ግን ከዓይናችሁ ከተሰወረ በኋላ፣ በመጣችሁበት ሸለቆ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። የጋቢ ክር ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር፤ ከመነሳታችሁ በፊት አንዷን ልቀቁና ወዴት እንደምትሄድ እዩ።