ያልቀለጠ በረዶ ስላለባቸው ተራሮች፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ወደ ኬንያ ተራራና ወደ ኪሊማንጃሮ ለመሄድ በመዘጋጀት ላይ ያሉ የድሬዳዋና የሐረር የእግር ተጓዦች ጥያቄዎቻቸውን ልከውልኛል። እኔም የድሬ ልጅ ነኝ፤ የቆላ ሰው ከበረዶ ጋር ሲገናኝ የሚሳሳትበትን ቦታ በራሴ እግር ስላወቅሁት፣ በተቻለኝ መጠን እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከከዚራ)፦ ለዚህ ጉዞ ከአገር መውጣት ለምን አስፈለገ? ራስ ዳሸን አይበቃም?

መልስ፦ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ድንቅ ተራራ ነው፤ የጫፉ አለትም እጅና እግር ተባብረው የሚወጡት ነው። ነገር ግን እዚያ የሚጥለው በረዶ ብዙ ሳይቆይ ይቀልጣል። ሰንብቶ የጠነከረ በረዶ የሚገኘው 5,199 ሜትር ከፍታ ባለው የኬንያ ተራራና 5,895 ሜትር በሚደርሰው ኪሊማንጃሮ ላይ ነው። በኪሊማንጃሮም ቢሆን ከ1912 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከግግር በረዶው ከአራት እጅ ሦስቱ በላይ ስለጠፋ፣ ተጓዡ በመንገዱ ላይ በአብዛኛው የሚያገኘው ከዝናብ ወራት ተርፎ ፀሐይ በማይደርስበት ጥግ የተኛውን ነው።

ጥያቄ (ከሐረር፣ ሸንኮር)፦ ብርዱን በምን ልብስ እንቻለው?

መልስ፦ ከውስጥ ቶሎ የሚደርቅ ስስ ልብስ፣ በላዩ ሱፍ፣ ከሁሉም በላይ ነፋስና ውኃ የማያስገባ ጃኬት ይለበሳል። ጥጥ አንዴ ከረጠበ ቶሎ ስለማይደርቅ ይቅር። በረዶ የፀሐይን ጨረር መልሶ ዓይንን ስለሚያቃጥል ጥቁር መነጽር የግድ ነው። እኔን ከልብሱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሰዓቱ ነው።

ጥያቄ (ከሳቢያን)፦ ጉዞው በሌሊት የሚጀመረው ለምንድን ነው?

መልስ፦ በረዶ በየሰዓቱ ጠባዩን ስለሚለውጥ ነው። ሌሊት ይደነድናል፤ ጎህ ሲቀድ በጫማ ጫፍ ሲመቱት ደረቅ ድምፅ ይሰጣል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ካልተመታም ለእግር ማሳረፊያ የሚሆን ቦታ አይወጣውም። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ያው በረዶ እንደ እርጥብ ጨው ይላላና እግርን እስከ ጉልበት ይውጣል። በኬንያ ተራራ ላይ ወዳለው ሌናና ጫፍ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከአንድ ጥቁር አለት አጠገብ ስረግጥ በረዶው ከሥሬ ተናደና እስከ ጭኔ ገባሁ። ለካ አለቱ በፀሐይ ግሎ ዙሪያውን ከሥር አቅልጦት ኖሯል፤ ከላይ ሲታይ ግን ምንም የጎደለው አይመስልም ነበር። ከዚያ ወዲህ አለት አጠገብ ስደርስ አስቀድሜ በምርኩዝ ሳልወጋ አልረግጥም።

የቀረውን የድሬ ሰው ለመረዳት አይቸገርም። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ላይ ደጋው በዘነበው ዝናብ የደቻቱ ወንዝ እንደሚሞላ ሁሉ፣ ጠዋት በአንድ እርምጃ የተሻገሩት የቅልጥ በረዶ ጅረት ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ሊሞላ ይችላል። በረዶ አጣብቆ ያቆየው ድንጋይም ሲቀልጥበት ይለቀቃል፤ በጥር 2006 እ.ኤ.አ. በኪሊማንጃሮ፣ ዌስተርን ብሪች በተባለው መንገድ ላይ ሦስት ተራራ ወጪዎች የሞቱት በተናደ ድንጋይ ነው።

ጥያቄ (ከለገሃሬ)፦ በረዷማ ተዳፋት ሳቋርጥ ብንሸራተት ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እግርሽን ከማንሳትሽ በፊት ቁልቁል ተመልከቺ። ተዳፋቱ የሚያልቀው አለት ወይም ገደል ላይ ከሆነ፣ የበረዶ መጥረቢያ ሳትይዢና አጠቃቀሙን ሳትለማመጂ አታቋርጪ። የሸርተቴ ማቆሚያው በደረት ተኝቶ የመጥረቢያውን ሹል በሰውነት ክብደት በረዶው ውስጥ መትከል ነው፤ ይህም አደጋ በሌለው ለስላሳ ቁልቁለት ላይ አስቀድሞ ይለመዳል። አለት ላይ ደግሞ ከሁለት እጅና ከሁለት እግር ሦስቱ ምንጊዜም ቦታቸውን እንደያዙ ይቆዩ፤ ድንጋዩን በመዳፍሽ መትተሽ የባዶ ነገር ድምፅ ከሰጠ አትመኚው።

ጥያቄ (ከገንደ ቆሬ)፦ እዚሁ ሆነን ምን እንለማመድ?

መልስ፦ ደንገጎን በእግር መውጣት፣ ቀጥሎም ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን ጋራ ሙለታን መሞከር መልካም ነው። በበጋ የደቻቱን አሸዋ ሸክም ይዞ መራመድ ከቀትር በኋላ ያለውን ልል በረዶ በጣም ይመስላል። ይህ ሁሉ ጉልበትን እንጂ ከፍታን አያለማምድም፤ ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታ በየሌሊቱ ከ500 ሜትር በላይ መጨመር የለበትም።

ጥያቄ (ከቀፊራ)፦ ለብርታት ጥቂት ጫት ይዞ መውጣትስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይሆንም። ጫት የምግብ ፍላጎትንና እንቅልፍን ይቀንሳል፣ የልብ ምትንም ያፈጥናል፤ ከፍታው ራሱ እነዚህኑ ያደርጋል። ምርቃናው ድካሙን ሲሸፍን ደግሞ ሰውነት የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ አይሰማም። በታንዛኒያ በሕግም የተከለከለ ነው።

ጥያቄ (ከጀጎል)፦ ጫፉ እየታየ መመለስ አይከብድም?

መልስ፦ በጣም ይከብዳል። ስለዚህ የመመለሻ ሰዓቴን ከድንኳን ሳልወጣ መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። የማይለቅ ራስ ምታትና ትውከት ሲመጣ፣ ይልቁንም ሰው ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ ቀጥ ብሎ መራመድ ሲያቅተው፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ከሰው ጋር ይወርዳል። አብሮኝ የወጣ ወጣት 4,985 ሜትር ከሆነው የሌናና ጫፍ ጥቂት ሲቀረን እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳገደ። ክንዱን ይዤ ሺፕተን ወደተባለው የተራራ ወጪዎች ማረፊያ ሰፈር መለስኩት፤ እዚያም ሳናድር ቁልቁል ቀጠልን፣ ከሰዓት በኋላም ያለ እኔ ድጋፍ መራመድ ጀመረ።