ለደሴው ጠያቂያችን፦ ኔጋቲቩ ጥርት ብሎ ስካኑ ለምን ይደበዝዛል?

ከደሴ የደረሰን ጥያቄ ይህ ነው፦ «ከተዘጋ ፎቶ ቤት የተረፉ 6×6 ሴንቲሜትር ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቮች፣ እንዲሁም የቤተሰባችን 35 ሚሊሜትር የቀለም ፊልሞች አሉኝ። በኤፕሰን ቪ600 ስካን ሳደርጋቸው የሙሽራዋ ሹሩባ አንዱ ጉንጉን ከሌላው አይለይም። 6400 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 6400 ነጥብ) ባደርገውም ፋይሉ ከበደ እንጂ ምስሉ አልጠራም። ሻርፕነሱን ብጨምር ደግሞ ፊቱ አሸዋ መሰለ። ስካነሩ ተበላሽቶ ይሆን? ወይስ ቪ850 ልግዛ?»

አብሽሩ፤ ዕቃው የተበላሸ አይመስልም። ቪ600 ፎከስ የሚያስተካክልበት መንገድ የለውም። ሌንሱ ከፋብሪካ የሚወጣው በአንድ ርቀት ላይ ተቆልፎ ነው። ከመስታወቱ በላይ በዚያች ከፍታ ላይ ያረፈ ፊልም ይጠራል፤ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ካለ መለስለስ ይጀምራል። ሌንሱ ወደ ፊልሙ ስለማይመጣ ፊልሙን ወደ ሌንሱ ማምጣት የእርስዎ ሥራ ነው።

አስቀድመው ኔጋቲቩን ራሱን ይመርምሩ። የስልክዎን ስክሪን ነጭ አድርገው ያብሩና ፊልሙን ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ከፍ አድርገው ይዘው በማጉያ መነጽር ይዩት። ማጉያ ከሌለ የአሮጌ ካሜራ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ገልብጦ ማየት ይበቃል። ጉንጉኑ እዚያም ካልተለየ ፎቶው ሲነሳ ነው የደበዘዘው፤ ከስካነሩ ጋር አይጣሉ።

ፊልሙ ጥርት ያለ ከሆነ ድብዘዛው የት የት እንዳለ ያስተውሉ፤ ግማሹ መልስ እዚያ ነው። ምስሉ ከዳር እስከ ዳር እኩል ከለሰለሰ ችግሩ ከፍታ ነው። መሃሉ ጠርቶ ጠርዙ ከደበዘዘ፣ ወይም በተቃራኒው ከሆነ፣ ፊልሙ ጎብጧል። አንዱ ወገን ብቻ ከደበዘዘ ፊልሙ የሚገባበት መያዣ ተንጋዷል፤ ብዙ ጊዜ ከአንዱ እግር ስር ቁራጭ ነገር ገብቶ ይገኛል። በደማቅ ቦታዎች ዙሪያ ጭጋግ የመሰለ ብርሃን ከፈሰሰ መስታወቱ ቆሽሿል፤ ከላይ ተወልውሎ ካልለቀቀ ጉሙ ያለው ከውስጥ በኩል ነው። ቀጥ ያለ መስመር እንደ መጋዝ ጥርስ ከተቆራረጠ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፤ መብራት ጠፍቶ በጀነሬተር የሚሠሩ ከሆነ ጀነሬተሩና ስካነሩ አንድ ወለል አይጋሩ።

አሁን ከፍታውን እንለካ። የሚያስፈልገው ባለ 15 ሴንቲሜትር ጠንካራ ብርሃን አሳላፊ ማስመሪያና የ80 ግራም ኤ4 ወረቀት ነው። የዚህ ወረቀት አንዱ ሉህ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ይወፍራል፤ ስለዚህ 60 ቁራጭ ሲደረደር 6 ሚሊሜትር ይሆናል። የማስመሪያውን የዜሮ ጫፍ መስታወቱ ላይ ያሳርፉ፤ የ15 ቁጥሩን ስር በወረቀቱ ድርድር ከፍ ያድርጉ። መስመሮቹ የታተሙበት ገጽ ወደ ታች ይሁን። የክዳኑ ብርሃን የሚያበራው መሃለኛውን ጠባብ ሰቅ ብቻ ስለሆነ ማስመሪያው በዚያ ሰቅ ርዝመት ይጋደም። በመያዣው ራስጌ በኩል ክፍት የተተወው መስኮት የሚያርፍበት የመስታወት ክፍል ግን ባዶ ይቆይ፤ ስካነሩ ብርሃኑን የሚመዝነው እዚያ ነው፤ ከተሸፈነ ምስሉ ላይ ባለቀለም ሰንበር ይወጣል።

በፕሮፌሽናል ሞድ፣ በፊልም ምርጫ፣ ፖዚቲቭ ብለው በ2400 ዲፒአይ ስካን ያድርጉ። ሻርፕነስ የሚጨምረው አንሻርፕ ማስክ መጥፋት አለበት፤ እሱ ከበራ የደበዘዘውም የጠራ ይመስላል፤ ልኬቱ ዋጋ ያጣል። ምስሉን 100 በመቶ ከፍተው የትኛው የሚሊሜትር መስመር እንደጠራ ይፈልጉ። እያንዳንዱ ሴንቲሜትር 0.4 ሚሊሜትር ከፍታ ነው፤ ጥራቱ 6 ቁጥር ላይ ከሆነ ሌንስዎ 2.4 ሚሊሜትር ላይ ያያል ማለት ነው።

ይህ ግምቱ ነው፤ እርግጡ የሚገኘው በፊልሙ ነው። ግሬኑ (ምስሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች) ጎላ ያለ አንድ ኔጋቲቭ መያዣው ውስጥ ያስገቡና መጀመሪያ እንዳለ፣ ከዚያ ከእግሮቹ ስር ሦስት ሦስት ወረቀት እየጨመሩ ያንኑ ቦታ ደጋግመው ስካን ያድርጉ። ፋይሎቹን 00፣ 03፣ 06፣ 09 ብለው ይሰይሙ። የሚፈርዱት በፊቱ ወይም በልብሱ ሳይሆን በግሬኑ ይሁን፤ ግሬን የፊልሙ የራሱ ስለሆነ የካሜራው ስህተት አያታልልዎትም። የጠራው ላይ ሲደርሱ ወረቀቱን ከእግሮቹ ስር በስኮች ያጣብቁት።

ከፍ በተደረገ ቁጥር እየባሰ ከሄደ ፊልሙ ዝቅ ማለት አለበት፤ የቪ600 መያዣ ደግሞ ዝቅ አይልም። እግሩን ከመሞረድ ይልቅ ከጥቁር ካርቶን ሌላ መያዣ መቁረጥ ይሻላል፤ ከተሞረደ አይመለስም። የካርቶኑን ውፍረት በለኩት ከፍታ ልክ ይደራርቡ፤ ያቺን የራስጌ መስኮት እንዳይረሱ።

የአሮጌ ፊልም ዋናው ጠላት ግን መጉበጥ ነው። ምስሉን የያዘው የጄላቲን ሽፋን ሲደርቅ ስለሚኮማተር ፊልሙ ወደ ኢሙልሽኑ፣ ማለትም ወደ ፈዛዛው ገጽ፣ ይቀለበሳል። የባቲና የከሚሴ ደረቅ ሙቀት ደሴ ካለው ብርድ ይልቅ ያጎብጠዋል፤ ደሴም ቢሆን በበጋው ደረቅ ንፋስ የባሰ ነው። ፊልሙን በንጹሕ ወረቀት መሃል አድርገው በከባድ መጽሐፍ ስር ለአንድ ሳምንት ያስተኙት። ካውያና ፀሐይ አይሞከሩም።

ያም ካልበቃ መስታወት መጫን ነው፤ አገባቡን ካላወቁ ግን አዲስ ችግር ይገዛሉ። የኤፕሰን መመሪያ አንጸባራቂው ገጽ ወደ ታች ይሁን ይላል፤ እንዲህ ሲሆን የጎበጠ ፊልም መሃሉ ይረግባል፤ ከላይ የተጫነ መስታወት ደግሞ የረገበውን አያነሳም። ስለዚህ ይገልብጡት፦ ፈዛዛው ወደ ታች፣ አንጸባራቂው ወደ ላይ። ጉብታው ሽቅብ ይሆናል፤ መስታወቱም ቁልቁል ይደፍቀዋል። የሚጫነው ተራ መስታወት ከሆነ ግን ለስላሳ ከለስላሳ ሲገናኝ የኒውተን ቀለበት የሚባሉት ባለቀለም ክቦች ምስሉ ላይ ይወጣሉ። ፎቶ ፍሬም የሚሠሩ ሰዎች የማያንጸባርቅ የሚሉትን፣ አንድ ወገኑ ሸካራ የሆነውን መስታወት ያስቆርጡ፤ ሸካራው ወገን ፊልሙን ይንካ። ሸካራነቱ በጣም ከጎላ ሰማይና ነጭ ግድግዳ ላይ ይታያልና መጀመሪያ በአንድ ፊልም ይሞክሩት። ተገልብጦ ስለተነሳ ግራና ቀኙ ይዞራል፤ በሶፍትዌሩ መልሰው ያዙሩት።

ስለ ዲፒአዩ፦ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው 6400 ስካነሩ የሚቆጥረው ነጥብ ነው። የቪ600 ሌንስ በተግባር ለይቶ የሚያሳየው ወደ 1600 ገደማ ነው። አንድ 6×6 ኔጋቲቭ በ16 ቢት ግሬይስኬል በ6400 ሲነሳ 400 ሜጋባይት አካባቢ ይወጣዋል፤ በ3200 ግን 100። ጥራቱ ያው ነው። እኔ ብሆን በ3200 አንስቼ በግማሽ አሳንሰው ነበር፤ ሻርፕነስ የሚጨመረውም ያኔ፣ በመጨረሻ ነው፦ ሬዲየስ 1፣ መጠን ከ100 እስከ 150 በመቶ። እርስዎ ፊቱን አሸዋ ያደረጉት ያልጠራ ምስል ላይ ስለጨመሩት ነው፤ መሣሪያው የሚያጎላው ያለውን ነው፤ የጎላውም ግሬኑ ብቻ ነበር።

አቧራና ጭረት የሚያጠፋው ዲጂታል አይስ ለጥቁርና ነጭ ፊልም ፈጽሞ አይብራ። የሚሠራው በኢንፍራሬድ ነው፤ የጥቁርና ነጭ ፊልም ምስል ደግሞ ብር ነውና ኢንፍራሬዱን ያግዳል፤ ሶፍትዌሩም የሹሩባውን ጉንጉን አቧራ ነው ብሎ ይጠርገዋል። ለቀለም ኔጋቲቮችዎ ግን ይጠቅማል፤ ጊዜ ቢወስድም።

ቪ850 ስለመግዛት፦ ለ6×6 አያስፈልግዎትም። ያው 1600 እንኳ በ300 ዲፒአይ ሲታተም 30 በ30 ሴንቲሜትር ይሰጣል። ልዩነቱ የሚታየው 35 ሚሊሜትሩ ላይ ነው፤ ቪ600 ከእሱ 13 በ18 ሴንቲሜትር ያወጣል፣ ቪ850 በተግባር 2300 ገደማ ስለሚለይ 18 በ27 ያህል ይደርሳል። መያዣዎቹም ከፍታቸው የሚስተካከል ነው። ከገዙት ግን አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ ቪ850 ሁለት ሌንስ አለው፤ አንዱ መስታወቱን፣ ሌላው ከመስታወቱ በላይ ያለውን መያዣ የሚያይ። ፊልሙን በመያዣ አስገብተው በሶፍትዌሩ «ፊልም ኤሪያ ጋይድ» የሚለውን ከመረጡ ሥራ የሚጀምረው የመስታወቱ ሌንስ ስለሆነ እንደገና ይደበዝዝብዎታል፤ «ፊልም ሆልደር» የሚለውን ይምረጡ።