የአክስቴ አሮጌ ቫኪዩም ማን ቤት ይግባ?

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አክስቴ ጠቅልላ አገር ቤት ስትገባ ኳስ የሚመስል የድሮ ሁቨር ኮንስቴሌሽን ቫኪዩም (አቧራ መምጠጫ ማሽን) ትታልኝ ሄደች። አሁንም ይሠራል። አዲስ አበባ ልላክላት ወይስ ለሰው ልስጠው?

መልስ፦ እህቴ፣ ብቻ እንዳትጥዪው! ይሄ እኮ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የወጣ፣ ከሥሩ በሚተፋው አየር ራሱን ከወለሉ ትንሽ ከፍ አድርጎ የሚንሸራተት ድንቅ ማሽን ነው። መላኩን ግን ተዪው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የአገር ቤቱ 220፤ ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ ሞተሩ ይቃጠላል፣ ይህን ሞተር የሚችል ትራንስፎርመር ደግሞ ከባድ ነው፣ የማጓጓዣው ወጪ ሲጨመርበት በፍጹም አያዋጣም።

እዚያው አሜሪካ የድሮ ቫኪዩም የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ፣ ክበብም አላቸው። ሞዴል ቁጥሩ ያለበትን ጽሑፍ ፎቶ አንሺና አሳዪያቸው። ቱቦውንና ብሩሾቹን አብረሽ ስጪ፣ ቶሎ የሚጠፉት እነሱ ናቸው። ቀለም እንዳትቀቢው፣ ሰብሳቢ የሚወደው እንዳለ ሲሆን ነው። ገመዱን ሶኬቱ አጠገብ አጠፍ አድርገሽ እዪው፤ ላስቲኩ ከተሰነጣጠቀ አትሰኪው፣ ለሚወስደው ሰውም ንገሪው። ሰብሳቢ ካጣሽ ቫኪዩም ጠጋኞችን ጠይቂ፣ ለመለዋወጫ የሚፈልገው አይጠፋም።