“የውሻ ሳይካትሪስት ልትሆን ነው?” ለተባለው የመንዝ ልጅ

ደብዳቤው ከመንዝ ነው የመጣው። ጸሐፊው የእንስሳት ጤና ረዳት ነው፤ በዲፕሎማ አራት ዓመት ሠርቷል። አሳጥሬ ላቅርበው።

“አንድ ውሻ የፊት እግሩን እየላሰ፣ እየነከሰ ሥጋው እስኪታይ አቆሰለው። በዚያው ሳምንት እህቴ ቤት ስሄድ፣ አፉን ያልፈታው የስድስት ዓመት ልጇ እጁን ሲነክስና ጭንቅላቱን ከግድግዳ ሲያጋጭ አየሁት። ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው? ይህን የሚያጠና ሙያ አለ? ሥራዬን ትቼ ሳይኮሎጂ ልማር? ለጓደኞቼ ብነግራቸው ‘የውሻ ሳይካትሪስት ልትሆን ነው?’ ብለው ሳቁብኝ።”

ወንድሜ፣ ሙያው አለ። በዚህ ስም የወጣ የሥራ ማስታወቂያ ግን አይቼ አላውቅም። ጥያቄህ በእንስሳት ሐኪሙ፣ በአእምሮ ሐኪሙ፣ በነርቭ ተመራማሪውና በሥነ ልቦና ባለሙያው መካከል ተበትኖ ነው ያለው። ስለዚህ ጉዳዩ በየትኛው በር ትገባለህ ነው። እኔ ከቆምክበት በር አትራቅ ባይ ነኝ።

መጀመሪያ የጓደኞችህን ሳቅ እንጨርሰው። በ1992 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ጁዲት ራፖፖርት የምትባል አሜሪካዊት የአእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር አንድ ጥናት አወጣች። ያጠኑት እግራቸውን እየላሱ የሚያቆስሉ ውሾችን ነው። ክሎሚፕራሚን የተባለ መድኃኒት ሰጧቸው። እጁን ደጋግሞ ካልታጠበ እረፍት ለሚያጣ ሰው የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። ውሾቹ መላሱን ቀነሱ። እንግዲህ ጓደኞችህ ሳያውቁት እውነት ተናግረዋል።

ግን ተጠንቀቅ። ከዚህ ተነስተህ “እንስሳም ሰውም አንድ ነው” ካልክ ትሳሳታለህ። በ1964 ማይክል ሌሽና ዊልያም ናይሃን በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ስለ ሁለት ወንድማማች ልጆች በሽታ ጻፉ። ሌሽ ያኔ የሕክምና ተማሪ ነበር፤ ይህንንም ለጓደኞችህ ንገርልኝ። በዚህ በሽታ የተያዙ ልጆች ከንፈራቸውንና ጣታቸውን ይነክሳሉ። ሕመሙ ሳይሰማቸው ቀርቶ አይደለም፤ እያለቀሱ ነው የሚነክሱት። ብዙዎቹ እጃችንን እሰሩልን ብለው ይለምናሉ፤ ሲታሰሩ ይረጋጋሉ። በ1967 ምክንያቱ ታወቀ፤ የአንድ ኤንዛይም (በሰውነት ውስጥ የኬሚካል ሥራ የሚያፋጥን ንጥረ ነገር) ጉድለት ነው። በ1987 ተመራማሪዎች ያንኑ ኤንዛይም የሌላቸው አይጦች ፈጠሩ። አይጦቹ ራሳቸውን ይነክሳሉ ተብሎ ተጠበቀ። አልነከሱም! ጉድለቱ ያው፣ ጠባዩ ሌላ።

በዝንጀሮ በኩል ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በላቦራቶሪ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ለብቻቸው በሽቦ ቤት ያደጉ ጦጣዎች ክንዳቸውን ይነክሳሉ። እዚህ ያለው ጣጣ አስተዳደጋቸው ነው። እዚያው መንዝ፣ ጓሳ ላይ ከቤተሰቡ ጋር ሣር ሲነጭ የሚውለውን ጭላዳ ዝንጀሮ አይተኸዋል። ይህን ጠባይ ፍለጋ እሱ ዘንድ አትሂድ። ቁጭ ብሎ እንስሳ ማየትንና መመዝገብን ለመማር ግን ከጓሳ የተሻለ ቦታ አላውቅልህም።

ወደ ልጁ እንምጣ። ብራያን አይዋታ የተባለ አሜሪካዊና ባልደረቦቹ በ1982 ራሳቸውን የሚጎዱ፣ የአእምሮ እድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች አጠኑ። እያንዳንዱን ልጅ ለአጭር ጊዜ በተለያየ ሁኔታ ውስጥ አስቀመጡት። አንዴ ብቻውን፣ አንዴ ሥራ እየታዘዘ፣ አንዴ ራሱን ሲጎዳ ብቻ ሰው እያናገረው፣ አንዴ እየተጫወተ። አንዱ ልጅ ሥራ ሲታዘዝ ይብስበታል፤ ራሱን ሲመታ ሥራው ይቀርለታላ። ሌላው ሰው ዞር ብሎ እንዲያየው ነው። ሌላው ብቻውንም ሆኖ አይተውም። ድርጊቱ አንድ፣ ምክንያቱ ለየቅል። እኔ ከዚህ ሁሉ ምርምር በጣም የምወደው ይህንን ነው፤ ውድ መሣሪያ አይፈልግም፣ ዓይንና ደብተር ይበቃዋል።

ያለህበት በር ይሻላል ያልኩህም ለዚህ ነው። ውሻውና ልጁ የሚመሳሰሉበት አንድ ቦታ አለ። ሁለቱም “እዚህ ጋ ያመኛል” ማለት አይችሉም። አንተ አራት ዓመት ሙሉ ከማይናገር ታካሚ ጋር ነው የኖርከው። የመንዝ በግ አጥር ላይ ሲታከክና ጠጉሩን በጥርሱ ሲነቅል “ጨንቆት ነው” አትልም። እከክ ነው ወይስ ቅማል ብለህ ቆዳውን ትገልጣለህ። ልጁም እንደዚያው ነው። አፍ ያልፈታ ልጅ ጆሮው መግል ቢይዝ ወይም ጥርሱ ቢታመም ጭንቅላቱን ሊመታ ይችላል። ስለዚህ እህትህ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ወስዳ መጀመሪያ ጆሮውንና ጥርሱን ታስመርምር፤ ስለ እድገቱም ትጠይቅ። ጥፋቱ የአስተዳደጓ እንዳልሆነም ንገራት። ጻድቃኔ ማርያም ጠበል እወስደዋለሁ ካለችህ አትጣላት፤ ጠበሉም ሕክምናውም ይሁን በላት።

ስለ ውሻው አንድ ነገር አስፈርቶኛል። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው እንስሳ የተነከሰበትን ቦታ መልሶ ሊነክስ ይችላል። “ይህማ የጠባይ ችግር ነው” ብለህ እጅህን እንዳትሰድ። ከነከሰህ ወይም ምራቁ ቁስልህን ከነካው፣ በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ እጠብና በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ሂድ። ከመነከስ በፊት የሚሰጥ ክትባትም አለ፤ በሥራህ የሚገባህ ነውና ጠይቅ።

ትምህርቱን በተመለከተ፣ የእንስሳት ሕክምና ዲግሪ ቢሾፍቱ ባለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ወይም ጎንደር አለ። ሥራህን ግን ዘለህ አትልቀቅ። መሥሪያ ቤትህ የትምህርት ፈቃድ ይሰጥህ እንደሆነ ጠይቅ፤ መልሱንም በደብዳቤ ተቀበል። በቃል የተሰጠ ፈቃድ አለቃ ሲቀየር እንደሚተን እኔ በራሴ ላይ አይቻለሁ። የጠባይ ምርምሩ በማስተርስ ይደርሳል። እስከዚያ ስታቲስቲክስና እንግሊዝኛ ላይ በርታ። ፐብሜድ በተባለው የሕክምና ጥናቶች ድረ ገጽ ላይ የጥናቶች ማጠቃለያ በነፃ ይነበባል፤ በሳምንት ሁለት አንብብ።

ሳይኮሎጂ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ግን አራት ዓመትህን ጥለህ ከዜሮ መጀመር ነው። ደግሞም በእንስሳት ላይ ከተደረገው ከዚህ ምርምር ከፊሉ የተሠራው እንስሳን ነጥሎ በማሳደግ፣ አንዳንዴም ሆን ብሎ በማሳመም ነው። እኔ አልችለውም ነበር። አንተ ትችለዋለህ? ዲግሪው ከመጀመሩ በፊት አስብበት።

ሰዎች፣ በተለይ ወጣቶች፣ አውቀው ሰውነታቸውን የሚጎዱበት ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ከውሻው ጋር አትደባልቀው። ጥያቄው ከራስህ የመጣ ከሆነም አትፈር፤ ዛሬውኑ የምታምነውን ሰውና ሐኪም አናግር።

አሁን ደብተር ግዛ። ራሱን የሚነክስ እንስሳ በመጣ ቁጥር ከመንከሱ በፊት ምን ነበር፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ ከዚያ ምን ሆነ፣ ቆዳው ላይ ምን አገኘህ ብለህ ጻፍ። እህትህ ከፈቀደች ለእህትህ ልጅም ሌላ ደብተር ያዝ፤ እሱ ግን ለሐኪሙ የሚታይ እንጂ ለጥናት አይደለም። ከስድስት ወር በኋላ የትኛው ደብተር ቶሎ እንደሞላ ጻፍልኝ። የልጁ ከሆነ፣ ቢሾፍቱ ያልኩህን ትቼ ስለ አእምሮ ጤና ነርስነት እንነጋገራለን።